የተውሶ አክታ

"ትፋ በቃ! ሰው ሳይመጣ ትፋ!"

ዮሴፍ ክዳኗ የተከፈተ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አብነት አገጭ ስር ደቅኖ ቆሟል። ያሉት ከዳቦ ቤቱ ጓሮ፣ ከማገዶው ክምር ኋላ ነው። የቦንጋ ዝናብ እንደ ልማዱ በማለዳ ገብቶ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አብነት ጉንጩን ነፍቶ ሊተፋ ይልና ሳቁ ይቀድመዋል።

"ምን ያስቅሃል?"

"አያያዝህ ነዋ! ቀለበት ልታስርልኝ የመጣህ ትመስላለህ።"

"አብነት፣ በእናትህ። እትዬ አሁን ይወጣሉ።"

"ምራቅ ነው የምትፈልገው ወይስ ዋናውን?"

"ዋናውን! ምራቅ ከሆነ አንቀበልም ብላለች ሲስተር። ከደረት ነው መውጣት ያለበት።"

አብነት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ፍፁም ቅጣት ምት ሊመታ እንደተዘጋጀ ሰው ወደ ኋላ ተለጠጠና አንዴ ሳለ። ሁለተኛው ሳል ሳይጠራው መጣ። ሦስተኛውም ተከተለ። አክ ብሎ ተፋና ዕቃዋን ተቀብሎ በኩራት ወደ ብርሃኑ አነሳት።

"እይ! ጤነኛ አክታ ማለት ይሄ ነው። ፎቶ አንስተው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል።"

ዮሴፍ ነጥቆት ክዳኑን አጥብቆ ዘጋው። ዕቃዋ ላይ በተለጠፈው ነጭ ፕላስተር "ዮሴፍ ወልደሥላሴ" ተብሎ ተጽፏል።

"ሳምንቱን ሙሉ ማገዶውን እኔ ነኝ የምፈልጠው፣" አለ።

"ምድጃ መጥረጉንም ጨምር።"

"እሺ።"

"ካልሲዬንም..."

"ሂድ ወደዛ!"

ነገሩን ያመጡት ተቆጣጣሪዎች ናቸው። መጥተው ዱቄቱን አዩ፣ ውሃውን አዩ፣ የሠራተኛውን ጥፍር አዩ፣ ከዚያ "ዳቦ የሚነካ ሁሉ ተመርምሮ ወረቀት ያምጣ" ብለው ሄዱ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት እትዬ አልጋነሽም ሦስቱን ሠራተኞቻቸውን፣ አብነትን፣ ዮሴፍንና ግዛቸውን፣ ወደ ጤና ጣቢያ ላኳቸው። እዚያ ሲስተር ሩሀማ የምትባል፣ ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች ነርስ ተራ በተራ ጠየቀቻቸው።

"ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል አለብህ?" አለችው አብነትን።

"ሲስተር፣ ዳቦ ቤት እየሠራ የማያስል ካለ እሱን ነው መመርመር። ጭስ እኮ ነው።"

"ሌሊት ያልብሃል?"

"ከምድጃ ግድግዳ ጋር ተቃቅፌ ነው የምተኛው። ያላበኝ ቀን ሞቻለሁ ማለት ነው።"

"ክብደትስ? ቀንሰሃል?"

"ቅርፅ እየያዝኩ ነው።"

ሳቋን ዋጥ አድርጋ አለፈችው። ግዛቸውንም አለፈችው። ዮሴፍ ጋ ስትደርስ ግን ገና አፏን ሳትከፍት ልጁ ሳለባት፤ ያውም ያንን የተቀመጠበትን ወንበር የሚያንቀጠቅጠውን ሳሉን። ዕቃዋን ሰጠችው። "ነገ ጠዋት፣ ከእንቅልፍህ እንደተነሳህ፣ ምንም ሳትቀምስ" አለችው።

ዮሴፍ የፈራው በሽታውን አይደለም። ትንሽ ልጅ እያለ ማንኪራ ውስጥ አክስቱ በሳንባ በሽታ ሞታለች። ቤተሰቡ ሞቷን ያወራል፤ ማንም የማያወራው ብርጭቆዋን ነው። የራሷ ብርጭቆ ነበራት። የራሷ ሳህን ነበራት። መጨረሻ ላይ ከቡናው ዳር የራሷ ጎጆ ተሠራላትና ምግቧን ደጃፏ ላይ አስቀምጠው ይጠሯት ነበር። ዮሴፍ አንድ ቀን የሷን ብርጭቆ ነክቶ አባቱ የመታው ጥፊ እስካሁን ጆሮው ላይ አለ። እና አብነትን ሲለምነው "ምንም ልሁን፣ ብቻ ብርጭቆ እንዳይለዩብኝ" ነው ያለው። አብነት ደግሞ ለተንኮል ሁለቴ የሚለመን ሰው አይደለም።

---

ሦስቱም የሚተኙት ከምድጃው ጀርባ ባለች ክፍል ነው። ክፍሏ የተሠራችው ለሊጥ እንጂ ለሰው አይደለም። ሊጥ ካልሞቀው ኩፍ አይልም፤ ቦንጋ ደግሞ ዝናብ እንጂ ሙቀት በነፃ አታድልም። ስለዚህ መስኮቷ በዱቄት ማዳበሪያ ተጠቅጥቆ በሚስማር ተመቷል። ሊጡ በየትሪው ሆኖ መደርደሪያው ላይ ይተኛል፣ እነሱ መደርደሪያው ስር ይተኛሉ። እርጥብ ባህር ዛፍ ሲነድ ጭሱ በቱቦው መውጣት ሲሰለቸው በግድግዳው ስንጥቅ አድርጎ እነሱን ሊጠይቅ ይመጣል። ማንም አያማርርም። ኪራይ የለውማ! ቦንጋ ላይ በደሞዙ የራሱን ክፍል የተከራየ ዳቦ ጋጋሪ እስካሁን አልታየም።

የእትዬ አልጋነሽ ሕግም አጭር ነው። የሚያስል ወደ ኋላ፣ የማያስል ወደ ፊት። "ደንበኛ ሳል ከሰማ ዳቦ አይገዛም" ይላሉ። ዮሴፍ ስለሚያስል ምድጃው ላይ ተመደበ፤ ምድጃው ላይ ስለሆነ ያስላል። አብነት ግን መልክ አለው፣ ወሬ ያውቃል፣ ሳሉንም ጠዋት ጠዋት ጓሮ ጨርሶት ይመጣል። ስለዚህ ባንኮኒው የሱ ነው። ባንኮኒው ጋ በር አለ፣ አየር አለ፣ መንገዱ ይታያል፣ ከሺሺንዳ የሚመጣው ሚኒባስ ሲቆም የሚወርዱት ሴቶች ይታያሉ። አብነት ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ያገኘው ትልቁ ሹመት ይሄ ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ የዮሴፍ ስልክ ጮኸ። ሲስተር ሩሀማ ነበረች፤ "ብቅ በል" ብቻ ነው ያለችው። ዮሴፍ ከምሳ በፊት ሄደ። አብነት እያፏጨ ዳቦ ሸጠ። "የኔ አክታ ዲግሪ ይዛ ነው የምትመለሰው" እያለ ለራሱ ሳቀ።

ዮሴፍ ሲመለስ በባንኮኒው በኩል አልገባም። በጓሮ ዞሮ ማገዶው ስር ቆመና በእጁ ጠራው። ከራስ ፀጉሩ ውሃ ይንጠባጠባል።

"እህሳ? ወረቀትህን ሰጠችህ?"

ዮሴፍ ከግንባሩ ላይ ውሃውን ጠረገ።

"ምነው? እንዳትነግረኝ፣ ምራቅ ነው ብለው መለሱት?"

"ቲቢ አለ።"

"ምን አለ?"

"ቲቢ። በማሽን አይተውት ተገኘ።"

አብነት ሳቀ። "ኧረ ባክህ! በቃ ታመምክ? አየህ፣ አልነገርኩህም፣ አክታዬን ብሰጥህም..." ብሎ ሊቀጥል አፉን ከፈተና ቆመ።

ዮሴፍ እያየው ነው።

"ያንተ ነው እኮ፣" አለው ቀስ ብሎ። "አብነት፣ አክታው ያንተ ነው።"

ዝናቡ ማገዶው ላይ ይወርዳል። አብነት የሆነ ቀልድ ፈለገ። ሁሌም አንድ አለችው፤ አሁን ግን ኪሱን እንደተሰረቀ ሰው እዚህም እዚያም ዳበሰና ምንም አላገኘም።

"ማሽኑ ተሳስቶ ነው።"

"እሺ።"

"ወይ አንተ ዕቃው ላይ ስለሃል። መንገድ ላይ ከፍተኸው ነበር?"

"ለምን ብዬ ነው አክታህን መንገድ ላይ የምከፍተው?"

"ጭስ ነው እኮ ዮሲ። እኔ አልታመምኩም። እየኝ፣ ምን ሆኛለሁ?"

ዮሴፍ እንደታዘዘው አየው። አብነትም ጓደኛው ያየውን አብሮ አየ። ቀበቶውን። ባለፈው በሚስማር አዲስ ቀዳዳ የበሳለትን ቀበቶ። "ሱሪው ሰፋ" ነበር ያለው ያኔ፣ ሱሪ በራሱ የሚሰፋ ይመስል።

---

ከሰዓቱን ባንኮኒው ላይ ቆመ። እጁ ዳቦ ይሰጣል፣ ጆሮው ግን ወደ ራሱ ደረት ዞሯል። እስከ ትናንት ሳል ሳል ነበር። አሁን እያንዳንዷ ማሳከክ ስም አላት። ጉሮሮው ላይ ስትጀምር ያውቃታል፣ ወርዳ ደረቱ ላይ ስትቀመጥ ያውቃታል። ምራቁን ዋጥ፣ ዋጥ። እንደገና ዋጥ።

ሜሪ መጣች። ሜሪ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፣ ዘንድሮ ነው ተመድባ የመጣችው፣ አብነት ለሷ ሁልጊዜ ከትሪው መሀል የበሰለውን ይመርጥላታል።

"ዛሬ ምን ሆነሃል? ምንም አልተሳደብክም።"

"ፆም ላይ ነኝ።"

"የምን ፆም?"

ሊመልስላት ሲል መጣች። ያቺ ሳል፣ ትልቋ። ከንፈሩን ነከሰ። ትንፋሹን ያዘ። ዓይኑ በእንባ ሞላ፣ የአንገቱ ሥር ገመድ ሆነ።

"አብነት? እያለቀስክ ነው?"

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ዳቦውን ፌስታሉ ውስጥ ከትቶ በእጁ ምልክት "ውሰጂ፣ ውሰጂ" አላትና ሮጦ ጓሮ ገባ። ባዶ ማዳበሪያ አንስቶ ፊቱን ቀበረበት፣ እየተንፈራፈረ ሳለ። ቀና ሲል እትዬ አልጋነሽ መግቢያው ላይ ቆመዋል።

"ማነው ያ?"

"ዮሴፍ ነው፣" አለ አብነት። ምላሱ ከሱ ቀድሞ ነው የተናገረው።

"ይሄ ልጅ ሳሉ ባሰበት። የምርመራው ወረቀት ምን አለ?"

"ጭስ ነው ብለዋል።"

"ጭስማ ማን አልተጨሰም! እኔ እዚህ ቤት ስንት ዓመቴ ነው?" አሉና ራሳቸውም ትንሽ ሳሉ። ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩ። "ስማ፣ ከናንተ አንዱ ሌላ ነገር ከተገኘበት ይንገረኝ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ከሰው አልሰማም። የዚህ ቤት ስም አንዴ ከወጣ ማን ዳቦ ይገዛኛል? ተሰማህ?"

"ተሰማኝ እትዬ።"

"ሂድ ወደ ባንኮኒህ።"

ባንኮኒህ አሉት። አብነት ሄደ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ፊቱን ወደሱ አድርጎ የሚተነፍስ መሰለው። እሱም ወደነሱ። አንዲት እናት ያዘለችው ሕፃን እጁን ሲዘረጋለት፣ ሌላ ቀን ቢሆን አፍንጫውን ቆንጥጦ የሚያስቀው ልጅ፣ ዳቦውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ዞረ። ጠቡ ከማን ጋር እንደሆነ ለራሱም አልገባውም።

---

ዘዴ ግን አልጠፋውም። አመሻሹ ላይ ዮሴፍ እሳት ሲያቀጣጥል አጠገቡ ቁጢጥ አለ። ግዛቸው ዱቄት ሊያመጣ ወጥቷል።

"ስማኝ ዮሲ። በሽታው በማን ስም ነው?"

"በኔ።"

"መድኃኒቱስ?"

"በኔ። ነገ ጠዋት እጀምራለሁ ብላለች።"

"በቃ! አንተ ትቀበላለህ፣ እኔ እውጣለሁ። እኔ እድናለሁ፣ አንተም ሲያልቅ 'ድኗል' የሚል ወረቀትህን ታገኛለህ፣ እትዬም ምንም አይሰሙም። ማን ተጎዳ?"

"እሷ ፊት ነው የሚዋጠው።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም። ቁጭ ብላ ታያለች፣ በየቀኑ።"

አብነት አሰበ። "ምላስህ ስር ያዘው።"

"ምን?"

"ውሃውን ጠጣ፣ ክኒኑን ምላስህ ስር ያዝ፣ ስትወጣ ለኔ።"

"አንተ ከአፌ የወጣ ክኒን ልትውጥ ነው?"

"አክታዬን ተቀብለኸኝ የለ? ምራቅህን ልጠየፍ?"

ዮሴፍ መሳቅ አልቻለም። የእሳቱ ጭስ ገልብጦ ፊቱ ላይ መጣና ማሳል ጀመረ፣ አብነትም አብሮት ጀመረ። አንዱ ሲያቆም ሌላው እየቀጠለ ቆዩ። ሲያበቁ ዮሴፍ ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ "እኔስ?" አለ።

"አንተ ምን?"

"እኔም አስላለሁ እኮ። ያንተ ታወቀ። የኔን ማን አየው?"

አብነት አንድ ፍልጥ ወደ እሳቱ ገፋ። "ነገ አብሬህ እሄዳለሁ" ብቻ አለ።

በዚያ ምሽት ሲተኙ አብነት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከላይ ሊጡ ኩፍ እያለ ነው፣ ከጎን ግዛቸው ያንኮራፋል። ክፍሏ ውስጥ ያለው አየር አንድ ብቻ ነው፤ ሁሉም እየተዋዋሱ ነው የሚስቡት። ልብሱን አፉ ላይ ጎተተ።

---

ሲስተር ሩሀማ ሁለቱን ስታይ ፈገግ አለች። ማስክ ሰጠቻቸውና በሩንም መስኮቱንም ወለል አድርጋ ከፍታ ተቀመጠች። ብርዱ ይገባል፣ ግድ አልሰጣትም።

"አንተ ያ ቅርፅ የያዘው ነህ አይደል? ደጋፊ ሆነህ ነው የመጣኸው?"

"የምን ደጋፊ?"

"እያንዳንዱ በሽተኛ መድኃኒቱን ሲውጥ የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል። እንዳይረሳ፣ እንዳያቋርጥ። ስድስት ወር ነው፣ ቀልድ የለውም።"

"አዎ፣ ደጋፊ ነኝ፣" አለ አብነት።

ዮሴፍን ሚዛን ላይ አቆመችው። "በክብደትህ ሦስት ፍሬ ነው" አለች። አብነት በልቡ ዮሴፍ ከሱ ቀጭን እንደሆነ አሰበ። ለሱ ሦስት ይበቃው ይሆን?

"የምትተኙት አንድ ላይ ነው?"

"ሦስት ነን፣" አለ ዮሴፍ።

"መስኮት አለው?"

"አለው። ግን ተመቷል። ሊጡ እንዳይበርደው።"

ሲስተር ሩሀማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ለሊጡ?"

"ሊጥ ከበረደው አይነሳም ሲስተር፣" አለ አብነት።

"እናንተስ? እናንተ በዛ ጭስ ትነሳላችሁ?" መልስ አልጠበቀችም። "ስሙኝ። ጭስ ቲቢ አይሆንም። ጭስ ሳንባን ያደክመዋል፣ ቲቢው ግን ከሰው ነው የሚመጣው፣ በትንፋሽ። በዳቦ አይደለም፣ በሳህን አይደለም። ሦስት ሰው በተዘጋ ክፍል ሲያድር አንዱ ካለበት ሌሎቹም በየሌሊቱ ይስቡታል። ስለዚህ የቀራችሁት ሁለታችሁም ትመረመራላችሁ። እትዬ አልጋነሽም።"

"በብርጭቆ አይደለም?" አለ ዮሴፍ።

"አይደለም። ብርጭቆ አይለይም፣ መስኮት ነው የሚከፈተው።"

ዮሴፍ እጁን ጭኑ ላይ አሻሸ። "አክስቴ የምትጠጣው ለብቻዋ ነበር፣" አለ። ሲስተር ሩሀማ መድኃኒቱን ከፍታ ቆጠረች። ሦስት ጠቆር ያለ ቀይ ክኒን በትንሽ ክዳን፣ ውሃ በብርጭቆ አድርጋ ፊቱ አስቀመጠች።

"ሽንትህ ቀይ ይሆናል፣ እንዳትደነግጥ። በል ዋጥ።"

ዮሴፍ አብነትን አየ። አብነት ጣሪያውን አየ። ዮሴፍ ማስኩን ዝቅ አደረገ፣ ሦስቱንም አንድ ላይ አፉ ውስጥ ጨመረ፣ ውሃውን ጠጣ፣ ጉሮሮውን ከፍ ዝቅ አደረገ። እንደ ተዋናይ ከሆነ ጎበዝ ነበር።

"አፍህን ክፈት።"

አልከፈተም። በአፍንጫው "እምም" አለ።

"ዮሴፍ፣ አፍህን።"

ክኒኑ ምላሱ ስር መሟሟት ጀምሯል። ምሬቱ ፊቱ ላይ ታየ። ዓይኑ በውሃ ተሞላ። ከዚያ ደረቱ ሊፈነዳ ሞከረ፤ ሊያስል ነው፣ ካሳለ ክኒኑ ይወጣል ወይ ያንቀዋል። በእጁ አፉን ያዘ። ፊቱ ጠቆረ። አንዴ ወደ ሲስተር፣ አንዴ ወደ አብነት ያያል፣ ግን አይተፋም። ቃል ገብቷላ! ይሄ ሞኝ ታንቆ ይሞታታል እንጂ አይተፋም።

"ትፋው!" ብሎ ጮኸ አብነት። "ትፋው ዮሲ! ሲስተር፣ አስተፊው፣ የሱ አይደለም!"

ዮሴፍ መዳፉ ላይ ተፋው። ቀዩ ምራቅ በጣቶቹ መሀል ወረደ። ከዚያ ሳለ፣ ሳለ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ሳለ።

"ምንድነው የሱ አይደለም?" አለች ሲስተር ሩሀማ። ተነስታ ቆማለች።

"አክታው የኔ ነው። ዕቃው ላይ የተፋሁት እኔ ነኝ።"

"ምን አልክ?"

"እሱ ፈርቶ ነው። እኔ ምንም የለብኝም ብዬ... ለቀልድ ነው። ማለት፣ ለቀልድ አይደለም።" የሚናገረው ጠፋው። "መድኃኒቱን ለኔ ሊያመጣልኝ ነበር።"

ሲስተር ሩሀማ ሁለቱን አፈራርቃ አየች። አብነት ስድብ ጠበቀ፤ ስድብ ይችልበታል፣ ስድብ ቢመጣ ይሻለው ነበር።

"ይሄ ልጅ ያልተገኘበትን በሽታ መድኃኒት ስድስት ወር ሊቀበል ነበር፣" አለች ድምጿን ሳትጨምር። "አንተ ደግሞ በከፊል የሟሟ ክኒን እየላስክ፣ በሽታውን መድኃኒት እያለማመድከው። ከዚያ እኔ ጋ የሌለ መድኃኒት ፍለጋ ከቦንጋ ትላካለህ። ገብቶሃል የሠራኸው?"

"አሁን ገባኝ።"

"ቀድሞ አይገባም ነበር?"

አብነት መሬቱን አየ። እሷም ተነፈሰች፣ መሳቢያዋን ከፈተችና አዲስ ዕቃ አውጥታ ለዮሴፍ ሰጠችው።

"እጅህን ታጠብ። ከዚያ ውጪ፣ ዛፉ ስር ሄደህ። በዚህኛው የራስህን። አንተ፣ ጫማህን አውልቅና ውጣ ሚዛኑ ላይ።"

አብነት ወጣ። ቁጥሩን እሷ ሳትናገር አየው። ከሁለት ዓመት በፊት ስልሳ ስድስት ኪሎ እንደነበር ያስታውሳል፤ ሜዳ ላይ ጓደኞቹ "ጎማው" ይሉት ነበር። መርፌው አምሳ አራት ላይ ቆሟል። ወርዶ እንደገና ወጣ። አምሳ አራት።

"ሚዛኑ ትክክል ነው፣" አለች ሲስተር ሩሀማ፣ አሁን ለስለስ ብላ። "ትድናለህ። ግን ሳታቋርጥ። መጀመሪያ ሰሞን ከሰው ፊት ቆመህ አትሸጥም፣ እዛች ክፍልም ተዘግታ አይታደርባትም።" እስክሪብቶዋን አነሳች። "ደጋፊህ ማነው? ዮሴፍ አይሆንም፣ ሁለታችሁን አንድ ላይ አላምናችሁም።"

ግዛቸው ሊል ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር። ግዛቸው ቀላል ነው። አንድ ሲጋራ ከገዛህለት ያልዋጥከውንም ሲውጥ አይቻለሁ ይላል። ግዛቸው ከሆነ እትዬ ምንም አይሰሙም። የሆነ ምክንያት ፈጥሮ ሰሞኑን ከባንኮኒው ዞር ይላል፣ ሲሻለው ይመለሳል። ነገሩ ሁሉ አፉ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። በመስኮቱ ወደ ውጪ አየ። ዮሴፍ ዛፉ ስር፣ ዝናቡ ውስጥ፣ ጀርባውን አጉብጦ አክታ ለማውጣት ይታገላል።

"እትዬ አልጋነሽ በይ።"

"አሠሪያችሁ? ያውቃሉ?"

"አያውቁም።"

"እንግዲያው እኔ ልደውልላቸው?"

"አይ። ቆይ፣ እኔ።"

ስልኩን አወጣ። ቁጥሩን ሁለቴ ተሳሳተ። ጠራ። አነሱት።

"አንተ ከይሲ! የት ነው የገባኸው? ሰዉ ተሰልፎ ባንኮኒው ላይ ማንም የለም!"

"እትዬ..." አለ፤ ያቺ ትልቋ ሳል መጣችበት። ከንፈሩን ሊነክስ ነበር። ከዚያ ተወው። ፊቱን ወደ ተከፈተው መስኮት አዞረ፣ ማስኩን በክርኑ ደገፈ፣ ስልኩን ግን ከጆሮው አላራቀም። እስኪያልቅለት ድረስ ሳለ።

በዚያኛው በኩል ጫጫታው ቆመ።

"ማነው እንዲህ የሚያስለው?" አሉ እትዬ አልጋነሽ። "ዮሴፍ ነው?"

"አይደለም፣" አለ አብነት። "እኔ ነኝ እትዬ።"